የቦዩ ዳር ልብስ ሰፊ

የሰፈሩ ሰው «ቀጥ በሉ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደንበኛ ስትለካ፣ «ቀጥ በል እንጂ፤ ጎብጠህ የተለካኸው ልብስ ቀና ያልክ ቀን ያጥርሃል» ማለት ልማዷ ስለሆነ ነው ቅጽል ስሙ የወጣላት። እየቆየ ግን ስሙ ከሜትሩ አልፎ ጠባይዋን አገኘው። ለጎበጠ ነገር ትዕግሥት አልነበራትም። ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ግድግዳ የተደገፈ ጎረምሳ ካየች፣ «ግድግዳው አንተ ባትደግፈውም አይወድቅም» ሳትለው አታልፍም። ሚስቱን የሚመታ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር፣ ጠጥቶ የሚያመሽ ሁሉ በሯ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል።

ነገሩ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። ባሏ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ የቀረው ልጃቸው ገና ጥርስ ሳታወጣ ነው። ያቺን ልጅ የልብስ ስፌት መኪና እየረገጠች አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ነርስ አድርጋ ሩቅ ከተማ ሥራ አስይዛለች። «ማን ረዳኝ? ማንም» ትላለች፣ ተጠየቀችም አልተጠየቀችም። ሰው ራሱን ከቻለ መንግሥት ቢኖር ባይኖር ምን ገዶት፣ ትላለች።

ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። መሀሏ በመጋረጃ ተከፍሎ ከፊት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና የተሰቀሉት ልብሶች፣ ከኋላ አልጋዋና ምድጃዋ አሉ። ከበሩ ፊት ለፊት ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍበት መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ቀጥሎ ቦይ። ቦዩ የላይኛውን ሰፈር የዝናብ ውኃ ሰብስቦ በነሱ መሀል ያልፍና ታች ከዋናው መንገድ ሥር በተቀበረ ትልቅ ቱቦ ይገባል። ሲሠራ የሲሚንቶ ክዳን ይደረግለታል ተብሎ ነበር። ክዳኑ ከላይኛው ሰፈር እየወረደ መጣ መጣና እነሱ ዘንድ ሲደርስ በጀቱ አለቀ ተባለ።

ከቦዩ ማዶ የበያጁ ሱቅ ነው። መሸጋገሪያቸው አንድ ጣውላ ነች፤ ክርክራቸው ግን ጣውላም አያስፈልገው፣ እሷ ከመኪናዋ፣ እሱ ከብየዳው ቀና እያሉ ቦዩን አሻግረው ይለዋወጡታል። በያጁ መብራት ቢጠፋ መንግሥት ነው፣ ብረት ቢወደድ መንግሥት ነው፣ ጉንፋን ቢይዘው እንኳ ጥፋቱን ከላይ ጀምሮ የሚፈልግ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ሰው ራሱን ቻለ ብለሽ ቦይ በራሱ ይከድናል?» ይላታል።

«ታዲያ መንግሥት መጥቶ አፍንጫህን ይጥረግልህ?» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያወርዳል።

ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ የመጨረሻዋ ልጅ፣ በቁመቷ ምክንያት «ጢኒጥ» የሚሏት፣ ቀኑን በጣውላዋ ላይ ስትመላለስ ትውላለች። የብየዳው ብልጭታ ዓይኗን ሲያስፈራት ወደ ቀጥ በሉ ትመጣለች፤ ቀጥ በሉ ሥራ በዝቶባት ስትቆጣት ወደ አባቷ ትመለሳለች። ትልቅ ሰውን ሁሉ የምትቆጣው ሴትዮ ለዚህች ልጅ ብቻ ሆዷ ይባባል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ትሰፋላታለች፤ ልጅቷም ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ድመቷን «ቀጥ በይ» ስትላት የሰፈሩ ሰው በሳቅ ይሞታል።

የቆሻሻው ነገር የመጣው መንገዱ የተቆፈረ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የቆሻሻ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ይመጣ ነበር፤ ሰው ሁሉ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ይሮጣል። አንድ ቀን ሠራተኞች መጥተው የሰፈሩን መግቢያ ለውኃ ቧንቧ ብለው ቆፈሩት። ቧንቧው አልመጣም፤ ጉድጓዱ ግን ቀረ። መኪናው ጉድጓዱ ዘንድ እየደረሰ ለጥቂት ጊዜ ተመለሰ፣ ከዚያ ጭራሽ መምጣቱን ተወ። ማዘጋጃ ቤት የሄዱት ሽማግሌዎች ታገሡ ተብለው ተመለሱ። ሰዉ መጀመሪያ ሲመሽ ተደብቆ፣ በኋላ በቀትር ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ ይደፋ ጀመር።

ቀጥ በሉ በዚህ ጉዳይ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተጣልታለች። በሯ ላይ ቆማ ማን ምን እንደጣለ በስሙ እየጠራች አዋርዳለች። የራሷን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ አጭቃ ከዋናው መንገድ ማዶ እስካለው የቆሻሻ ገንዳ ትሸከም ነበር። በኋላ ገንዳውን እሳት በላው፤ ሌላ አልተተካም። የተማሪ ልብስ የሚሰፋበት ወቅት መጣ። የልጆቹ ዩኒፎርም አረንጓዴ ነው፤ ቁርጥራጩ ከጠረጴዛ ሥር ሞልቶ እስከ አልጋዋ ደረሰ። ወገቧም እያመማት ነበር። አንድ ምሽት ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየችና ማዳበሪያውን ወደ ቦዩ ገፋችው። ዛሬ ብቻ ነው አለች ለራሷ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማየቱንም ተወችው። ጎረቤቶቿን መሳደብ ግን አላቆመችም፤ ድምጿ ብቻ ትንሽ ቀነሰ።

ዝናቡ የመጣ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ብረት ድስት ጠቆረ። እንዲህ ያለ ዝናብ አይተው ያውቃሉ፤ ውኃው ቦዩን ሞልቶ እያጉረመረመ ይወርድና ያልፋል። ያን ቀን ግን አላለፈም። ታች የቱቦው አፍ ተደፍኖ ስለነበር ውኃው ወደ ላይ ይመለስ ጀመር። መንገዱን ሞላ፣ ደረጃዋን ወጣ፣ በመጋረጃው ሥር ገብቶ አልጋዋ ዘንድ ደረሰ። ቀጥ በሉ የተማሪዎቹን ልብስ እያፈሰች አልጋው ላይ ከመረች፤ መኪናዋን ከነጠረጴዛው ለማንሳት ስትታገል ከውጭ የጢኒጥን ድምፅ የሰማች መሰላት። ልጅቷ አባቷ ዘንድ ናት አለች፤ በዚህ ዝናብ እንዴት ይለቃታል። በያጁም ማዶ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከውኃ ሊያተርፍ ሲራወጥ ልጁ ስታለቅስ የሰማ መሰለው። እትዬ ዘንድ ናት አለ፤ ጣውላዋን ከተሻገረች ቆይታለች።

ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም በሮቻቸው ላይ ቆሙ። ጣውላዋ አልነበረችም።

«ጢኒጥን ስጪኝ» አላት።

እሷ ከኋላው ወደ ሱቁ ውስጥ አየች። እሱም ከፊቷ ገባው።

ሰፈሩ በሙሉ ወደ ታች ሮጠ። ወንዶቹ ወገባቸው ድረስ እየገቡ የቱቦውን አፍ በእጃቸው፣ በአካፋ፣ በያጁ ባመጣው ብረት መክፈት ጀመሩ። ፍራሽ ወጣ፣ የወንበር እግር ወጣ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ ወጣ። ከዚያ እንደ ገመድ የተገመደ፣ ለመበጠስ ቢላዋ ያስፈለገው አረንጓዴ ጨርቅ ወጣ። ልጅቷ ከዚያ ጨርቅ ኋላ ነበረች። ቀጥ በሉ መንገዱ ዳር ቆማ ታይ ነበር። የመቀሷን አቆራረጥ ታውቀዋለች፤ የእጅጌ ቁርጥራጭ ቅርጹን ሳይለቅ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቶ አየችው። ከዚያ በኋላ ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ለቅሶው ሳይበርድ ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ስብሰባ ጠራ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን እያጠፉ ተቀመጡ። የመጣው ኃላፊ ሱሪውን ቦት ጫማ ውስጥ ከትቷል፤ ከጎኑ መቅረጫ የያዘች የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበረች። በሐዘን ጀመረ። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው አለ። ከዚያ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያንን ቱቦ የደፈነው ማን ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፍራሽ አልጣለም፣ አላቸው።

«ሁሉን ከመንግሥት መጠበቅ ራስን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው» አለ። «ደጁን ያልጠረገ ሰው መንግሥት መጥቶ አይጠርግለትም።»

ቀጥ በሉ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆየች። ንግግሩ የሷ ነው። ስንት ዓመት በዚያ በር ላይ ቆማ የተናገረችው ቃል ነው፣ አንድም አልጎደለም። የገዛ ልብሷን ሌላ ሰው ለብሶት ያየች ያህል ደነገጠች፤ ሐሰት ነው እንዳትል ሐሰት አይደለም፣ እውነት ነው እንዳትል መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። በያጁ፣ ድሮ ቢሆን መጀመሪያ ላይ ይነሳ የነበረው ሰው፣ ከኋላ ወንበር ላይ እጆቹን ጭኖቹ መሀል ከትቶ ወለሉን ያያል።

ተነሥታ ቆመች።

«እኔ ጥያለሁ» አለች። «ከቱቦው የወጣው አረንጓዴ ጨርቅ የኔ ነው። ሰውን ስሳደብ ኖሬ እኔም ጣልኩ። ያን ዕለትም የልጅቷን ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ አባቷ ዘንድ ናት ብዬ መኪናዬን ሳነሳ ቆየሁ። ይህ የኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።»

ጋዜጠኛዋ መቅረጫውን አስጠጋች። ቀጥ በሉ ግን አልጨረሰችም።

«አሁን ደግሞ የእርስዎን ይንገሩን። መንገዱን ቆፍሮ የሄደው ማን ነው? የቆሻሻው መኪና የቀረው በማን ትእዛዝ ነው? ክዳኑ የላይኛውን ሰፈር ሸፍኖ እኛ ጋ ሲደርስ ለምን አለቀ? እኔ ‹እኔ› ብዬ ተናግሬያለሁ። እርስዎም ‹እኛ› ሳይሉ፣ ‹እኔ› ብለው ይናገሩ።»

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ። «አስተያየቱን ተቀብለናል» አለ፣ ወደ ሌላ ጠያቂም ዞረ።

በማግሥቱ ሬዲዮ ስለ ጎርፉ አወራ። ነዋሪዎች ጥፋታቸውን ማመናቸው ተነገረና የሷ ድምፅ ተከተለ፦ እኔ ጥያለሁ፣ ይህ የኔ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም። እዚያ ላይ ተቆርጦ ሙዚቃ ገባ። መቁረጥ የምታውቅ ሴት ናት፤ የት ላይ እንደተቆረጠች ወዲያው ገባት። ሰፈሩ ግን፣ አዳራሽ የነበረው እንኳ ሳይቀር፣ የያዘው ሬዲዮው ያሰማውን ነው። ሁላችንንም አስፈረደችብን አሉ። ካሣ ይጠይቁ የነበሩ ጎርፍ ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሰዎች ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ፣ ራሳችሁ አምናችሁ የለም ወይ ተብለው ተመለሱ። አንዷ ጎረቤት ሊሰፋ የሰጠችውን ቀሚስ ሳይሰፋ መልሳ ወሰደች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለቦዩ ከመንግሥት የደረሰለት ነገር አንድ ታፔላ ነው፦ «እዚህ ቆሻሻ መጣል በሕግ ያስቀጣል»። የት መጣል እንደሚቻል አይናገርም።

ልጇ በስልክ ወደኔ ነይ እያለች ለመነቻት። ቀጥ በሉ እዚሁ ነው የምሞተው አለች፤ ቀጥላም እንደ ልማዷ ያለ ማንም ርዳታ የኖርኩበት ቤት ነው ስትል ልጇ አቋረጠቻት።

«እማዬ፣ አትቆጪኝ» አለቻት። «ትምህርት ቤቱ ያኔ ምሳ ባይሰጠን ምን እበላ ነበር? አንቺ ታመሽ ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜስ እኔ የት ነበርኩ? የበያጁ እናት ቤት አይደል? አንቺ ታግለሻል፣ ማንም አይክድሽም። ግን ብቻሽን አልነበርሽም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ተቀመጠች። የበያጁን እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ረስታቸው አልነበረም። ከታሪኩ ውስጥ ግን አውጥታቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት የበያጁ ሚስት ቦዩን ዞራ መጣች። ጣውላዋን የተካ ሰው ስለሌለ ከላይ ዞሮ መምጣት ግድ ነበር። ከሥራ መመለሷ ነው፤ ጣቶቿ በሳሙና ብዛት ተላልጠዋል። ቀጥ በሉ ልትሰድበኝ መጣች ብላ ራሷን አዘጋጀች። ሴትዮዋ ግን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የተሰቀሉትን ልብሶች አየች።

«እሱ አይተኛም፣ እትዬ» አለች። «ዱሮ ሁሉን በመንግሥት ያሳብብ ነበር፤ አሁን መንግሥትን አንስቶ አያውቅም። ‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያላየኋት› ብቻ ነው። ያኔ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ያኛው ይሻል ነበር እላለሁ።»

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ጥያለሁ። ጢኒጥ ሕፃን ሳለች ዳይፐሯን እዚያ ነበር የምጥለው። ጎህ ሳይቀድ ስወጣ፣ በጨለማ። ለሱም አልነገርኩትም። አዳራሽ ውስጥ አንቺ ስትነሺ እኔም ልነሳ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ተይ» አለች ቀጥ በሉ። «አንቺ ምን ታደርጊ? የቆሻሻው መኪና ቢመጣ ማን ይጥል ነበር? ጎህ ሳይቀድ ወጥተሽ ሲመሽ የምትገቢ ሰው ያንን ሁሉ መንገድ ቆሻሻ ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው? ክዳን ቢኖረው ልጅ ይገባ ነበር?» ስትናገር ራሷን ሰማችው። የበያጁ ንግግር ነው። እሷ ስትስቅበት የኖረችው ንግግር፣ ለዚህች ሴት ሲሆን ግን ከአፏ የወጣ ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ አለቀሰች። ቀጥ በሉም ከለቅሶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ወደ ቱቦው አፍ ወረዱ። ማንም አልጠራቸውም፣ እነሱም ማንንም አልጠሩም። ጥቂት ቀን እንደሠሩ በያጁ ሳይናገር መጣ። ከሱቁ ብረት የበየደውን ፍርግርግ ተሸክሞ ነበር፤ ቱቦው አፍ ላይ ገጠመው፣ ቆሻሻው ሳይገባ እዚያው ተይዞ እንዲዛቅ። ጣውላዋንም በሰፋፊ ብረት ተካት፣ ለመያዣም ዘንግ አቆመላት። የተመለሰ ጎረቤት ነበር፤ አካፋ ይዞ የመጣ። ሬዲዮውን ያልረሳና ሰላምታ የከለከላትም ነበር፤ እስከ ዛሬም አለ። የዛቁትን ቆሻሻ እየተሸከሙ ዋናው መንገድ ዳር ያከማቹታል፤ መኪናው ወደ ሰፈሩ መግባት ባይችል እንኳ ከዚያ ያነሳዋል ብለው።

አላነሳውም። ክምሩ አደገ፣ ሸተተ፣ ውሻ ሰበሰበ። ቀጥ በሉ ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ትጠና ጀመር። መኪናውን መንገዱ ዳር ድረስ ብቻ ላኩልን፣ ሌላውን እኛው እንሠራለን ትላለች። ዛሬ ኃላፊው የሉም፣ ነገ ስብሰባ ናቸው። በመጨረሻ ያው በቦት ጫማ የመጣው ሰውዬ ቢሮው አስገባት፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ በፈገግታም ተቀበላት። እናንተማ አርአያ ሰፈር ናችሁ፣ በየስብሰባው እያነሳናችሁ ነው አላት። ያለው መኪና ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ራሳቸውን መርዳት ላልቻሉ ሰፈሮች ነው፤ እናንተ ግን ችላችኋል።

ምን ብላ እንደወጣች አታውቅም። ሰፈር ስትደርስ በያጁ ሱቁ በር ላይ ነበር፤ የሆነውን ነገረችው። ጢኒጥ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«እንተወው» አላት። «እኛ በጠረግን ቁጥር እነሱ ይተኛሉ። ከነግማቱ እንተወውና ዓይናቸው ይግለጥ።»

«ከተውነውስ የሚቀጥለው ዝናብ የማንን ልጅ ይወስዳል?» አለችው።

«ካልተውነውስ እስከ መቼ?»

እንዲያ ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሳያሳምን፣ እስኪመሽ ቆሙ።

የዝናቡ ወቅት ተመልሶ መጥቷል። ውኃው አንድ ጊዜ ደረጃዋ ድረስ ወጥቶ ተመልሷል፤ ከታች ያሉ ሁለት ቤቶች ግን ገብቶባቸዋል። ቀጥ በሉ አሁንም ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት አካፋዋን ይዛ ወደ ቱቦው ትወርዳለች። አንዳንድ ቀን በያጁ ይከተላታል፣ አንዳንድ ቀን አኩርፎ ይቀራል። ከዚያም በሳምንቱ መሀል ሥራዋን ዘግታ ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ትቀመጣለች፤ ዘበኛው ሲያያት ፊቱን ያዞራል። ቆሻሻውን ስትዝቅ ትሳደባለች፦ የጣለውን ጎረቤቷን፣ የቀረውን መኪና፣ ሰውዬውን ከነቦት ጫማው፣ ራሷንም ሳትምር። መንገደኛ ሰው ቆሞ፣ ሴትዮዋ ማንን ነው የምትሳደበው ብሎ ቢጠይቅ፣ የበያጁ ሚስት ከጎኗ ቀና ትልና «ሁላችንንም ነው» ትለዋለች፤ ትርፍ አካፋም ካለ ታቀብለዋለች።